ጭስና ጤዛ

ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ይህን መጀመሪያውኑ መናገሩ ይሻለኛል፤ ጁባ ያለ ሐበሻ ሁሉ ስለሰማው መደበቁም አይጠቅመኝም። ሀይ ጀላባ ሰፈር ለሆቴሉ ሳሙናና አምፖል ልገዛ ስገባ ዛሬም ከሱቅ ሱቅ እየተጣቀሱ የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

በሥራዬ ኮሎሎ መንገድ ላይ ባለው በእትዬ በዛብሽ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። በትምህርቴ ግን የሒሳብ ሰው ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት የተበከለ አየር ድንጋይን በስንት ዓመት ስንት ሚሊሜትር እንደሚበላ በቀመር መተንበይ ላይ ነው። ይህን ስናገር ሰው «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ይላል። ቁልፍ እሰጣለሁ፣ ቁልፍ እቀበላለሁ። የእንግዳ ፓስፖርት እየገለበጥኩ በልቤ «እኔ'ኮ ሌላ ሰው ነኝ» የምል ዓይነት ነኝ። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ጠባዬ ነው።

የእትዬ በዛብሽ ባለቤት ጋሽ ሥዩም በፈረንጆቹ 2012 ድንገት ልባቸው ቆሞ ሞቱ። የተቀበሩት ከወንዙ ድልድይ ማዶ፣ ጉምቦ በሚባል ሰፈር ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። መቃብሩ ላይ የቆመውን ነጭ እብነ በረድ ያስመጡት ሐጂ ኸይሩ ናቸው፤ ስሙን አገር ቤት አስቀርጸው፣ ድንጋዩን እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በጭነት መኪና። ዝናብ እንዳይመታውም ከላይ ቆርቆሮ አስመቱለት። ሐጂ ኸይሩና ጋሽ ሥዩም ጁባ የገቡት በአንድ መኪና፣ በአንድ ቀን ነው። አንዳቸው ሆቴል ከፈቱ፤ ሌላኛው ጉምቦ ላይ ውኃ አቀዝቅዞ ለዓሣ አጥማጁና ለምግብ ቤቱ በብሎክ የሚሸጥ የበረዶ ቤት። በታኅሣሥ 2013 ጁባ ውስጥ የጦርነቱ ተኩስ ሲነሳ እሑድ ስለነበር እትዬ በዛብሽ መቃብር ሊጎበኙ ሄደው ድልድዩ ተዘጋባቸው። አራት ቀን ያደሩት ሐጂ ኸይሩ ማሽኑን አጥፍተው፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነው የበረዶ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ዘርግተውላቸው ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ተጣሉ ሲባል ማን ያምናል?

የበረዶ ቤቱና የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በአንድ የግንብ አጥር ይዋሰናሉ። ጀኔሬተሩ ያለው በአጥሩ በኩል ነው፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ ደግሞ ከአጥሩ በላይ ወደ መቃብሩ ያየዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ልብ አላለውም ነበር። በ2015 መጀመሪያ፣ አንድ እሑድ፣ እትዬ በዛብሽ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልክ ደውለው «ና» አሉኝ። ስደርስ ድንጋዩ ፊት ቆመዋል፤ ሐጂ ኸይሩም አጠገባቸው ናቸው። እብነ በረዱ ጠቁሯል። የፊደሎቹ ጠርዝ ደብዝዞ «ሥዩም» የሚለው ስም ከሩቅ አልነበብ ብሏል።

«አንተ የተማርከው ድንጋይ በጭስ እንደሚበላ አልነበር?» አሉኝ እትዬ በዛብሽ።

«አዎ እትዬ።»

«ይኸው ተበላልህ።»

ሐጂ ኸይሩ ድንጋዩን ሳይነኩ በቅርብ አዩት። «የኔ ጭስ ነው?» አሉ።

«ከግንቡ ማዶ ያለው የማን ጀኔሬተር ነው ታዲያ? የጳጳሱ?»

«አክሊል፣ ስሙን ያጠፋዋል?» አሉኝ ሐጂ።

ጁባ ከመጣሁ ጀምሮ ስለ ሙያዬ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ምላሴ ተፈታ። ናፍጣ ውስጥ ድኝ አለ፤ ሲቃጠል ከጭሱ ጋር ይወጣል አልኳቸው። እብነ በረዱ ደረቅ ከሆነ ጭሱ ጥቀርሻ ይጥልበትና ያልፋል፣ ብዙም አይጎዳውም። እርጥብ ሆኖ ካገኘው ግን ድኙ እርጥበቱ ውስጥ ይሟሟና የድንጋዩን ገጽ ወደ ጄሶ ይለውጠዋል። ጄሶ ምን እንደሆነ ቤት ያስለሰነ ሁሉ ያውቃል፤ ይረግፋል። ፊደሎቹ የተቀረጹት ሦስት ሚሊሜትር ጠልቀው ነው፤ ያ ከረገፈ ስም የለም።

«በስንት ዓመት?» አሉ ሐጂ።

«እሱማ ይሰላል» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ድንጋዩን ነቅለን ሆቴሉ ውስጥ እናስቀምጠው ያለ ሰው ነበር። እትዬ በዛብሽ «ስሙ ኮሎሎ፣ እሱ ጉምቦ?» ብለው አፉን አስያዙት። ማሽኑን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወርም አይሆንም፤ ከወለሉ ጋር በሲሚንቶ የተገነባ ነው፣ በዚያ ዓመት ደግሞ አዲስ ቦታ ልከራይ ብሎ የሚደፍር አልነበረም። ሐጂ ኸይሩ ብዙ አሰቡና ወደ እትዬ በዛብሽ ዞሩ።

«በዛብሽ፣ እኔ ያቆምኩለትን ስም እኔው አላጠፋም። ይህ ልጅ ያስላው። ስሙ ሠላሳ ዓመት የሚቆይ ከሆነ እሠራለሁ። ከዚያ ካነሰ በረዶ ቤቱን እዘጋለሁ።»

እኛ ዘንድ የተጣሉ ሰዎች ሽማግሌ ፊት ሲቀመጡ አስቀድመው «ያላችሁትን እንቀበላለን» ብለው ቃል ይሰጣሉ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ፍርዱ ቢመርም ማፈግፈግ ነውር ነው። ሁለቱም ብድግ ብለው ይህንኑ ቃል ለእኔ ሰጡኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አንድም ሰው አስታርቄ አላውቅም። የስድስት ዓመት ላፕቶፔን ሽማግሌ አደረጉት ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን አልፈራሁም፤ ኮራሁ።

እትዬ በዛብሽ አንድ ነገር ብቻ ከለከሉኝ። «መቃብሩ ላይ ስለት አታሳርፍም» አሉ። ናሙና መፋቅ የለም ማለት ነው፤ ሁሉም ነገር በቀመር ብቻ ሊሆን ነው። እሺ አልኩ። ሆቴሉ ካረፈ አንድ ባለሙያ እንግዳ ሙቀትና እርጥበት በየሰዓቱ የምትመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ለምኜ ከቆርቆሮው ምሰሶ ላይ አሰርኳት። እሑድ እሑድ ከሥራ ስለማርፍ እየሄድኩ የመዘገበችውን እገለብጣለሁ። ጀኔሬተሩ መቼ መቼ እንደሚሠራ ለማወቅ ደግሞ የሐጂ ልጅ ጀንነት መዝገቧን ሰጠችኝ። የበረዶ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ መርካቶ ተወልዳ ያደገች፣ ሠራተኛ ስትቆጣ ድምፅዋ ድልድዩ ድረስ የሚሰማ። መዝገቡ በእንግሊዝኛ የታተመ ነው፤ ቀን፣ የተነሳበት ሰዓት፣ የቆመበት ሰዓት። ከእሑድ በስተቀር በየቀኑ ማለት ይቻላል «5:00» ተነስቶ «11:00» ይቆማል። እሑድ ዓሣ አጥማጁ ስለማይወጣ ማሽኑ ያርፋል።

ሰባት ወር ለፋሁ። መሣሪያዋ የነገረችኝ እርጥበት ቁልጭ ያለ ነበር። ወንዙ ቅርብ ስለሆነ ሌሊቱን ድንጋዩ ላይ ጤዛ ይወርዳል፤ እስከ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ድረስ አይደርቅም። ጀኔሬተሩ ደግሞ በዚያው ማለዳ ጭሱን ይለቅበታል። ጭስና ጤዛ በአንድ ሰዓት ድንጋዩ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ቀመሩ ውስጥ አስገብቼ ሳሰላው መልሱ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ደጋግሜ አሰላሁት። ዘጠኝ ነው።

በጥቅምት ወር ሦስቱንም የሆቴሉ በረንዳ ላይ ሰብስቤ ነገርኳቸው። ድምፄን እንደ ዳኛ አወፍሬው እንደነበር ሳስታውስ አሁን ያመኛል።

«ዘጠኝ?» አሉ ሐጂ ኸይሩ።

«ቱቦውን ብናረዝመውስ?» አለች ጀንነት።

«ቢበዛ አሥራ ሦስት።»

«እስኪ ግራፉን አሳየኝ።»

«ትንሽ ውስብስብ ነው፤ አይገባሽም» ብዬ ላፕቶፑን ከደንኩት። ይህችን ቃል እስክሞት አልረሳትም።

ሐጂ ኸይሩ ተነሱ። ለሠርግና ለድግስ የተቀበሉት ትዕዛዝ ስለነበር እስከ ኅዳር መጨረሻ ብቻ ሠርተው እንደሚዘጉ ተናገሩ። «ኸላስ» አሉ፤ ለጁባ ሰው በቃ፣ አለቀ ማለት ነው። እኔን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፣ እትዬ በዛብሽን ግን ቀና ብለው ሳያዩ ወጡ። እኔ እትዬ በዛብሽን አየኋቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ ስሙ ተረፈላቸው፣ ፍርዱ ለእሳቸው ሆነ። እሳቸው ግን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ከባድ ነበር። እትዬ በዛብሽ ለሆቴሉ በረዶ ከሌላ ሰው መግዛት ጀመሩ፤ ያ ሰውዬ የሚልከው ብሎክ ኮሎሎ እስኪደርስ እኩሌታው ቀልጦ ነው። ሐጂ ኸይሩ ወደ ሆቴሉ መምጣት አቆሙ። የበረዶ ቤቱ ሰባት ሠራተኞች ሌላ ሥራ ፍለጋ ገቡ። ለማሽኑ ገዢ ተገኘ ሲባልም ሰማሁ። እኔን የሚወቅሰኝ ማንም የለም፤ እንዲያውም ሰው «ጎበዝ ልጅ ነው፣ እውነቱን ነው የተናገረው» ይለኛል። ሲያመሰግኑኝ ወሬ እየቀየርኩ መሸሽ ጀመርኩ። ትክክል ሠርቼ እንዲህ ለምን ይሰማኛል እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ መሣሪያዋን ያዋሰኝ እንግዳ ከአገር ልወጣ ነውና መልስልኝ አለኝ። ሐሙስ ጠዋት ላፕቶፔን በጀርባዬ አንግቼ ቦዳ ቦዳ ተሳፈርኩ፤ ሞተር ሳይክሉ የድልድዩን መኪና ሁሉ እየተሽሎከሎከ ጉምቦ አደረሰኝ። ከእሑድ ሌላ በሥራ ቀን እዚያ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ግቢው ውስጥ ገብቼ መሣሪያዋን ፈታሁ። ድንጋዩን በእጄ ነካ ሳደርገው ጤዛው አልደረቀም። መዳፌን ሱሪዬ ላይ እየጠረግሁ አንድ ነገር ቅር አለኝ። ጸጥ ብሏል። ጭስ የለም።

በአጥሩ ዞሬ በረዶ ቤት ገባሁ። ጀንነት እጅጌዋን ሰብስባ የበረዶ ቅርጾቹን ታጥባለች።

«ጀኔሬተሩ ተበላሸ እንዴ?»

«ምን ሆነና?»

«ታዲያ ለምን ጠፋ?»

«ገና ነዋ! የውኃ ቦቴው ሳይመጣ ምን ላቀዝቅዝ? አየር?»

«በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

«መዝገቡን ሰጥቼህ የለ? አምስት ሰዓት።»

ስልኬን አየሁ። 8:34 ይላል። «አምስት ሰዓትማ አልፏል'ኮ» አልኳት።

ጀንነት እጇን ከውኃው አውጥታ ትክ ብላ አየችኝ። «አክሊል፣ ደህና አድረሃል? ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።»

አንድ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ቁጭ አልኩ። አምስት ሰዓት፤ በእኛ አምስት ሰዓት። ፀሐይ አናት ላይ ልትወጣ ስትል። ተነስቶ የሚቆመው ደግሞ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። እኔ እንደ ፈረንጅ አንብቤው ጀኔሬተሩን ከነጭሱ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ጎትቼ፣ ማለዳ ጤዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ።

«በእንግሊዝኛ በታተመ መዝገብ ላይ በእኛ ሰዓት ነው የጻፍሽው?» አልኳት፤ ጮኼ ሳይሆን አይቀርም።

«በማን ሰዓት ልጻፍልህ? ሠራተኞቼ ሐበሾች ናቸው፣ እኔ ሐበሻ ነኝ!»

«ቀኑን ግን በፈረንጅ ነው የጻፍሽው!»

«ቀኑማ የፈረንጅ ነው። ሰዓቱ ነው የእኛ።»

ጁባ ያለን ሁላችን የምንኖረው እንዲሁ ነው። እኔ ራሴ ለእንግዳ የአውሮፕላን ሰዓት በፈረንጅ እነግርና ወዲያው ዞሬ ለወጥ ቤቷ «ምሳ በሰባት ሰዓት ይድረስ» እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ስድስት እየደመርኩ፣ ስድስት እየቀነስኩ እውላለሁ። የሰው ኑሮ የሚወሰንበት ቦታ ላይ ብቻ መደመሩን ረሳሁት።

ላፕቶፑን የጀንነት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። በዚህ ጊዜ ግራፉን አልደበቅኩባትም። «ይህ ሰማያዊው የድንጋዩ እርጥበት ነው፤ ይህ ቀዩ ጭሱ ነው» አልኳት። ሁለቱ ጉብታዎች ተደራርበው ነበር። ቀዩን ስድስት ሰዓት ወደፊት ገፋሁት። ሰማያዊው ወርዶ ካለቀ በኋላ ቀዩ መውጣት ጀመረ።

«አይገናኙም» አለች ጀንነት፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። አይገባሽም ያልኳት ሴት ማለት ይህች ናት።

ቀመሩ እስኪሠራ ድረስ ጣቴን ስነክስ ቆየሁ። መልሱ መጣ፤ አንድ መቶ አርባ ሦስት ዓመት። ክረምት ከሰዓት በኋላ አየሩ የሚርስባቸውን ቀኖችም ጨምሮ ነው። አላመንኩም። ናፍጣው ከገመትኩት እጥፍ ድኝ አለው ብዬ ደግሜ አሰላሁት፤ ሰማንያ ስምንት። ክፉ ክፉውን ሁሉ እየሰጠሁት ገፋሁት፤ ከስልሳ አልወርድ አለ። ሠላሳ አጠገብ የሚያደርሰው ነገር የለም። እንባዬ መጣ። አፈርኩ፣ ግን ደስታው ከእፍረቱ በለጠብኝ። ከደረቴ ላይ ድንጋይ ያነሱልኝ ያህል ተነፈስኩ።

ሐጂ ኸይሩ የገቡት ያኔ ነው። በዚያው ቀን ቀትር ላይ ማሽኑን የሚገዛው ሰው ሊያየው ይመጣል። ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ትከሻቸው ላይ ሻሽ ጣል አድርገዋል፤ በአንድ ወር ውስጥ ከስተዋል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰዓቱን፣ ስህተቱን፣ ቁጥሩን። ሳልጨርስ እጃቸውን አነሱ።

«አዝነህልኝ ቁጥር አትቀይርብኝ» አሉ።

«ሐጂ፣ ወላሂ አይደለም!» ክርስቲያን መሆኔንም ረሳሁት።

«ልጄ፣ ቃል ሰጥቻለሁ። እዘጋለሁ ባልኩ ማግስት ዘጠኙ ዓመት መቶ አርባ ሆነ ብል በዛብሽ ምን ትለኛለች? ልጁን አባብሎት ነው አትልም?»

ትክክል ነበሩ። ለአንድ ወር ያህል ዘጠኝ ዓመት ብሎ በእርግጠኝነት የማለ አፍ ዛሬ መቶ አርባ ሦስት ቢል ለምን ይታመናል? ቀመሬን በቀመሬ ላስመሰክር አልችልም። ድንጋዩን ነው መጠየቅ ያለብኝ። ጭሱ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ኖሮ ከሆነ ጥቁሩ ነገር ከጄሶው ጋር ተጣብቆ ቅርፊት ሆኗል፤ ሲታጠብ ወይ አይለቅም፣ ወይ ድንጋዩን ይዞ ይረግፋል። በደረቅ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ከነበረ ግን ያው ጥቀርሻ ነው፤ እንደ ድስት ቂጥ ይለቃል። ለእትዬ በዛብሽ ደወልኩና «ቶሎ ይምጡ፣ ተሳስቼ ነው» አልኳቸው። ምን ተሳሳትክ ሳይሉ ስልኩን ዘጉት።

ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት ደረሱ፤ የሆቴሉን መኪና ራሳቸው ነድተው። መቃብሩ ፊት ሦስታችንም ቆመን አገኙን። እንደገና ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ ማጠቡ ስነግራቸው ሐጂን አላዩም፣ እኔንም አላዩም። «ውኃ አምጡልኝ» አሉ ብቻ።

ጀንነት በባልዲ አመጣች። እትዬ በዛብሽ የራስ መሸፈኛቸውን ፈትተው ጫፉን ነከሩና ከላይ፣ ከመስቀሉ ጀመሩ። ጥቁሩ ውኃ ድንጋዩን ተከትሎ ወረደ። ሌላ ውኃ። እንደገና። እኔ የማየው መሬቱን ነበር፤ ነጭ ቅንጣት ቢረግፍ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ጭቃ ብቻ ነው የወረደው። ቀና ስል «ሥ» ታየች፤ ጠርዟ ስለታም፣ ትናንት የተቀረጸች ትመስላለች። ከዚያ «ዩ»። «ም» ላይ ሲደርሱ እትዬ በዛብሽ ጥፍራቸውን ፊደሉ ውስጥ አስገብተው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት።

«ምንም አልሆነ» አሉ። «ኸይሩ፣ ምንም አልሆነ'ኮ!»

ሐጂ ኸይሩ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲርገፈገፍ ጀንነት ልትይዛቸው ሄደች።

«ተዪኝ አትበላት፣ ትያዝህ» አሉ እትዬ በዛብሽ፤ እሳቸውም እያለቀሱ ነው። «አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ አልተኛሁም። ከሱ ስም ይልቅ የማስበው ያንተን ደጅ መዘጋት ነበር። ስንቴ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ልመጣ ተነሳሁ። ተወው፣ ድንጋይ ነው፣ ሥራህን ሥራ ልልህ። ቃል ሰጥቻለሁና አፌን ማን ይክፈተው?»

«እኔ የተቀየምሽኝ መስሎኝ ነው የቀረሁት።»

«እኔ ደግሞ አንተ።»

ወደ እኔ ዞሩ። አንገቴን ሰብሬ ስድቡን ጠበቅኩ፤ ይገባኝም ነበር። «አንተ ግን» አሉኝ፣ «ሰዓት የማታውቅ ሊቅ!» ከዚያ ጭንቅላቴን ስበው ግንባሬን ሳሙኝ። ስድቡ እስካሁን መጠሪያዬ ሆኖ ቀርቷል።

ሐጂ ስልካቸውን አውጥተው ገዢውን «ኸላስ፣ አትምጣ፣ የሚሸጥ ማሽን የለም» አሉት። ሰውዬው ከወዲያ ሲጮህ ይሰማል፤ ሐጂ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም፣ እያሉ ፈገግ ብለው ዘጉበት። እትዬ በዛብሽ ደግሞ ከነገ ጀምሮ በረዶ እንዲላክላቸው አዘዙ፤ ያኛው ሰውዬ ውኃ በጆንያ ነው የሚሸጥልኝ አሉ።

የውኃ ቦቴው ጥሩምባ ከግንቡ ማዶ ተሰማ። ጀንነት ሮጣ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ድምፅዋ በአጥሩ ላይ መጣ፤ «አባ! ላስነሳው?»

ሐጂ ኸይሩ እትዬ በዛብሽን አዩ።

«ቆዩ!» አልኩ እኔ፤ ሁለቱም ደነገጡ። «ድንጋዩ እርጥብ ነው! አሁን አጥበነዋል'ኮ!»

ሐጂ ሻሻቸውን ከትከሻቸው ሳቡ። ከድንጋዩ ፊት ተንበርክከው መጀመሪያ ሰፊውን ገጽ፣ ቀጥለው እያንዳንዱን ፊደል፣ የሻሹን ጫፍ በጣታቸው ወደ ውስጥ እየገፉ ጠረጉ። ጀንነት ከማዶ ሁለተኛ ጊዜ ጠየቀች። ሻሹን ገልብጠው በደረቁ በኩል እንደገና አሹት፣ እፍ አሉበት፣ ተነስተውም እትዬ በዛብሽ እንዲነኩት ቦታ ለቀቁ።

እትዬ በዛብሽ መዳፋቸውን ስሙ ላይ አስቀምጠው ቆዩ።

«ደርቋል» አሉ። ከዚያ ወደ ግንቡ ዞረው በሙሉ ድምፃቸው ተጣሩ፤ «ጀንነት! አስነሺው!»